የማማው በር የት ነበር?

ሊባስ ከተማ ውስጥ ኦንያንግን ተቀምጣ ያያት ሰው የለም። ልጅ አልቀመጥ ብሎ እናቱን ሲያስቸግር «አንተ ደግሞ ኦንያንግ ሆንክብኝ?» ይባላል። ሩዟን ቆማ ትበላለች፤ መቁጠሪያዋን እየተራመደች ትደግማለች። የእንቁላል አስኳል በስኳር አብስላ፣ በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ የምትሸጠውን ጣፋጭ እንኳ የፈለገ ሰው ሮጦ ይደርስባታል እንጂ እሷ ቆማ አትጠብቀውም። ቅዳሴ ላይ ከኋላ ሆና ከአንዱ እግሯ ወደ ሌላው ስትቀያየር እስፓኛዊው ካህን አባ ሴሌዶኒዮ ስብከታቸውን አቋርጠው «ያቺን ሴት እባካችሁ አንድ ሰው ያስቀምጣት!» ብለው ያውቃሉ። የሚያስቀምጣት ግን አልተገኘም።

ድሮ እንዲህ አልነበረችም። ባሏ ቢንዶይ ደወል ደዋይ ሳለ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ የደወል ማማ ሥር በአደባባዩ በኩል ምንጣፏን ዘርግታ ከጠዋት እስከ ማታ ንቅንቅ አትልም ነበር። ምሳውን በቅርጫት አድርጋ ከላይ በተንጠለጠለው ገመድ ላይ ታስራለች፤ እሱ ይስበዋል። ባዶውን ቅርጫት ሲያወርድ አንዳንዴ የርግብ ላባ፣ አንዳንዴ ነገር ይልክላታል።

«ጨው የለውም! የሰማይ ሰው ጨው አይበላም አሉሽ?» ይላል ከላይ።

«አንተ ሰማይ ከገባህማ ሲኦል ባዶውን ቀርቷል!» ትላለች ከታች። አደባባዩ በሳቅ ይፈርሳል።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ ቢንዶይ የቀትሩን ደወል ደውሎ ሳይጨርስ ምድር ተናወጠች። ቤተ ክርስቲያኑ ተሰነጣጥቆም ቢሆን ቆመ፤ ማማው ግን ከነደወሉ፣ ከነደዋዩ ተደረመሰ። አቧራው ሲበተን ከክምሩ ውስጥ መንኳኳት ተሰማ። ቢንዶይ ነበር፤ ድንጋይ በድንጋይ እየመታ። ሕዝቡ «አለ! አለ!» እያለ ተሯሯጠ። ድምፁ ግን ከየት እንደሚመጣ አይለይም። በአደባባዩ በኩል ጆሮ ሲጥሉ ከወንዙ በኩል ይመስላል፤ ወንዙ ጋ ሲደርሱ ደግሞ ከአደባባዩ።

«ሮጦ ወርዶ ደረጃው ሥር ያለችው ትንሽ በር ጋ ነው የሚሆነው፤ በበሩ በኩል እንቆፍር» ተባለ። ታዲያ በሯ የት ነበረች? እዚህ ላይ ከተማው ለሁለት ተከፈለ። ሰው ዕድሜውን ሙሉ በአጠገቡ ሲያልፍ የኖረውን በር አያውቀውም፤ ይኸው ነው የሰው ነገር። «በአደባባዩ በኩል ናት፤ ስንቴ ኖራ የቀባሁት ግንብ!» አሉ ግንበኛው ጋሽ ቱራ። «በወንዙ በኩል ሳትሆን አትቀርም» ያለም ነበር፤ ግን ድምፁ ቀጭን ነበርና የሰማው የለም። ኦንያንግ ስትጠየቅ የምታውቀው ገመዱን ብቻ ሆነ። ስለዚህ በአደባባዩ በኩል ተቆፈረ፤ የተነሣው ድንጋይ በወንዙ በኩል ተጣለ። ኦንያንግም ከወንድ እኩል ተሸከመች፤ በየመሃሉ ክምሩን እየዞረች ታዳምጣለች። ሲመሽ መንኳኳቱ ቆመ። እሷ ግን መዞሯን አላቆመችም።

በማግስቱ ምድር እንደገና ተናወጠች፤ የአንድ ቆፋሪ እግር ተሰበረ። አባ ሴሌዶኒዮም «በቃ!» አሉ። «ድንጋዩ ማማው እንደገና ሲሠራ በሥርዓቱ ይነሣል፤ እስከዚያ ማንም እንዳይነካው። ምድሩ የተቀደሰ ነው፤ ከዚህ የተሻለ መቃብር ከየት ይመጣል?» ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ግን ራስጌና ግርጌው የማይታወቅ መቃብር ምኑ መቃብር ነው? በሙታን ቀን ሌላው ሰው ሻማውን በየዘመዱ መቃብር ላይ ተክሎ፣ ምግቡን ዘርግቶ ይጫወታል። ኦንያንግ ሻማዋን እዚህ ትተክላለች፤ «እዚያ ቢሆንስ?» ትልና ትነቅለዋለች፤ ሰሙ በእጇ ላይ እየፈሰሰ ክምሩን ስትዞር ታመሻለች። ጥቁር ልብሷንም አልጣለችም፤ ሊባስ ጥቁሩን የሚጥለው ዓመት ሲሞላ በመቃብሩ ላይ ነውና። «ቢንዶይ ይውጣልኝ እንጂ ተቀምጬ የምውል እኔ ነኝ» ትል ነበር፤ ሌላ የምትፈልገው ነገር አልነበራትም።

እንዲህ እያለች ሳለ ነው አንድ ቀን ከበሮ መቺው አደባባይ ወጥቶ የጮኸው። «ለቤተ ክርስቲያኑ ጉዳይ የእንቁላል ነጭ ይፈለጋል! ያለው ያምጣ!»

የእንቁላል ነጭ! ሊባስ ይህን ትእዛዝ ከአያት ቅድመ አያቱ ያውቀዋል። ቤተ ክርስቲያኑ ሲገነባ ኖራው በእንቁላል ነጭ ነበር የሚቦካው፤ ዶሮ ያለው ሁሉ እየገበረ፣ የተረፈውን አስኳል ሴቶቹ ጣፋጭ ሠሩበት። የኦንያንግ ሙያም የመጣው ከዚያ ነው። ታዲያ ከተማው ለመተርጎም ጊዜ አላጠፋም። «ማማው ሊሠራ ነው!» ማማው ከተሠራ ድንጋዩ ይነሣል፤ ድንጋዩ ከተነሣ ቢንዶይ ይወጣል። ኦንያንግ ከሰው ቤት ሰው ቤት በረረች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የሊባስ እንቁላል ግን በዚያ ሳምንት በኦንያንግ እግር ሮጠ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ዶሮዎቼ እኮ አንቺን ሲያዩ መጣል ተዉ!» አለች ጎረቤቷ ሴፓ፣ ምላሷ እንጂ ልቧ የማይጎዳ ሴት። «እስኪ ተቀመጪና ጠብቂ።»

«ትናንት የጣሉትን ስጪኝ፤ የዛሬውን ማታ እመለስበታለሁ።»

«የነገውንስ?»

«እሱን አሁን ቃል ግቢልኝ።»

ሴፓ እየሳቀች እቅፍ ሙሉ ሰጠቻት።

ሦስተኛ እንስራዋን ወደ ካህኑ ግቢ ይዛ ስትገባ፣ እንቁላል ያመጡ ሴቶችና ጋሽ ቱራ ተሰብስበው ከዋና ከተማው ከማኒላ የመጣ አንድ ሰው ያያሉ። ዶን ሌዎንሲዮ የሚባል ፎቶግራፍ አንሺ ነው፤ ጣቶቹ በፎቶ መድኃኒት ጠቁረዋል። የእንቁላሉን ነጭ ጨው ጨምሮ መትቶ፣ በሰፊ ሳህን ገልብጦ፣ ወረቀት በላዩ ያንሳፍፋል።

«ኖራው የታለ?» አለችው ኦንያንግ።

«የምን ኖራ?»

«ማማው የሚሠራበት ነዋ!»

ሰውዬው ሳቀ። «ማማ? አይ አንቺ! ይሄ እኮ የፎቶ ወረቀት ነው። ይዤው የመጣሁት ጀልባ ላይ ውኃ ገባበትና ሌላ እያዘጋጀሁ ነው። አባ ፎቶውን ማኒላ ላሉ አለቆቻቸው ሊልኩ ነው፤ ያንን አይተው ገንዘብ ከፈቀዱ . . .» ዙሪያውን ሲያይ የሚስቅ ሰው የለም። ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ዋጠው።

«እንቁላላችንን ወረቀት በላው በሉኛ!» አለች ሴፓ። «ኦንያንግ፣ ባልሽን በወረቀት ጠቅልለሽ ልታወጪው ነው?» ከአፏ እንደወጣ ከንፈሯን ነከሰች፤ ግን የወጣ ቃል አይመለስ።

ኦንያንግ እንስራውን መሬት አስቀመጠች። እግሮቿ እንደ ልማዳቸው በቦታቸው ይረግጣሉ፤ ፊቷ ግን ደርቋል። «ጌታዬ፣ ሰው ከሥሩ አለ እኮ» አለች።

ዶን ሌዎንሲዮ አፈረ። ማፈሩንም በምን እንደሚገልጥ ቢጠፋው፣ ለሐዘንተኛ ውኃ እንደሚያቀርብ ሰው፣ ከሳጥኑ አንድ ቡኒ ፎቶ አውጥቶ ሰጣት። «መምህሬ ድሮ ያነሡት ነው። አሁንም ከዚያው ቦታ እንዳነሣው ነው የታዘዝኩት፤ የፊቱና የኋላው እንዲተያይ። እስኪ ይመልከቱት፤ ማማው እንዳለ ነው» አለ፤ አሁን «አንቺ» ማለቱን ትቷል።

ከቤተ ክርስቲያኑ ማዕዘን የተነሣ ነበር፤ የአደባባዩም የወንዙም ጎን ይታያል። ኦንያንግ በጣቷ ሳትነካ ከላይ ጀምራ ወረደች። የደወሉ መስኮት። ገመዱ። ከገመዱ ሥር ምንጣፏ፤ ምንጣፉ ላይ ሰው መሳይ ጥላ። «እኔ ነኝ» አለች። ከዚያ ዓይኗ ማዕዘኑን አልፎ ዞረና ተተከለ። ከግንቡ ድጋፍ ጀርባ ጎንበስ ተብሎ የሚገባባት ትንሽ በር ተከፍታለች፤ አጠገቧ ምስማር ላይ ባርኔጣ ተሰቅሏል። ሰውዬው ማጉያ መስታወት አቀበላት። የባርኔጣው ጠርዝ በጥቁር ጨርቅ ተጥፏል፤ ጣፊዋ ራሷ ነበረች።

«ይሄ በየት በኩል ነው?» ብላ ጠየቀች፤ እያወቀችው።

«በወንዙ በኩል።»

ጋሽ ቱራ ፎቶውን ተቀብለው አዩት፤ ገልብጠው ደግሞ ጀርባውን አዩት፤ በሯ ወዲያ ዞራ እንደሁ ብለው ይሆናል። ሴፓ አፏን በእጇ ያዘች። ድንጋዩን የት እንደጣሉት የማያውቅ በግቢው ውስጥ አልነበረም። አደባባዩን ሲቆፍሩ በሯን ሲቀብሩ ነበር የዋሉት።

«በእጄ» አለች ኦንያንግ። «እያንኳኳ፣ እየሰማሁት፣ በገዛ እጄ ተሸክሜ ጫንኩበት።»

ከሰዓት በኋላ ዶን ሌዎንሲዮ ባለ ሦስት እግሩን የፎቶ ሳጥን መምህሩ በቆሙበት ቦታ ተከለ። በጥቁሩ ጨርቅ ሥር ገብቶ፣ አሮጌውን ፎቶ በሳጥኑ መስታወት ላይ ከሚታየው ክምር ጋር እያስተያየ ይጮህ ጀመር። «ወደ ግራ ይሂዱ! ትንሽ ወደ ኋላ! ኧረ አለፉት፣ ይመለሱ!» ኦንያንግ በወንዙ በኩል ድንጋይ ላይ እየወጣች፣ እየወረደች፣ ባለበት የማይረጋው እግሯ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድበትን እያወቀ ተራመደች።

አባ ሴሌዶኒዮ ብቅ አሉ። «ምንድን ነው ይሄ?»

«ለመጠን ሰው ያስፈልገኛል፣ አባ። ሰው ካልቆመበት የክምሩ ትልቅነት አይታወቅም» አለ ፎቶግራፍ አንሺው ጨርቁ ውስጥ እንዳለ። የማኒላ ሰው ውሸት አያልቅበትም፤ ለዚህኛው ግን እግዜር ይስጠው።

«ከሰው ሁሉ እሷን? ትንቀሳቀስና ታበላሽብኛለች!»

«እዚያ ነዎት!» ብሎ ጮኸ ዶን ሌዎንሲዮ። «በሯ ከእግርዎ ሥር ናት። አሁን እንዳይነቃነቁ!»

ኦንያንግ ቆመች። የፎቶ ሳጥኑ ክዳን ተነሣ። እጆቿን አጣምራ፣ ፊቷን ወደ ታች አድርጋ፣ ዐይኗን እንኳ ሳትከድን ቆመች። አደባባዩ ላይ ያለው ሁሉ ዞሮ አያት፤ ከመሬት መንቀጥቀጡ ወዲህ ያላዩት ነገር ነበርና። ክዳኑ ተመለሰ፤ «ጨርሻለሁ» ተባለ። አልሰማችም። ቆይታ ቆይታ ጎንበስ አለችና ከእግሯ ሥር አንድ ድንጋይ አነሣች።

«ሴትዮ! ከልክያለሁ እኮ!» አሉ አባ ሴሌዶኒዮ።

«አባ፣ ድንጋዩን እዚህ ያመጣሁት እኔ ነኝ። የራሴን ነው የማነሣው።»

ጋሽ ቱራ ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ ክምሩ ወጡ። «እኔም እዚህ የጣልኩት አለ» አሉ።

«እኔም» አለች ሴፓ ቀሚሷን እየሰበሰበች። «የኔማ ከሁሉም ይበዛል፤ ጉልበቴን ታውቁት የለ?» ከዚያ በኋላ ማን እንደተከተለ መለየት አይቻልም። አባ ሴሌዶኒዮ ወደ ቤታቸው ገቡና ብዙም ሳይቆዩ የእርሻ ጎሻቸውንና መጎተቻ ሰንሰለቱን ሰደዱ።

በሯ የተገኘችው በማግስቱ ወደ ማታ ነው። እንጨቱ አልተነካም፤ ግንቡ በላይዋ ተጋግዞ እንደ ጎጆ ያለ ትንሽ ቦታ ትቷል። ቀድመው አንገታቸውን ያስገቡት ጋሽ ቱራ ነበሩ። ሲመለሱ ወደ ኦንያንግ ዞሩ።

«ተቀምጧል» አሉ። «ልጄ፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ተቀምጧል። ቅርጫቷም አጠገቡ አለች።»

ኦንያንግ ጎንበስ ብላ ገባች። ሴፓ ሻማ ይዛ ብታጮልቅ፣ ኦንያንግ እግሯን ዘርግታ፣ ትከሻዋን ከትከሻው አጠገብ አድርጋ ግድግዳውን ተደግፋለች። ሻማውን ከሴፓ ተቀብላ በመሃላቸው ተከለችው። ውጭ ያሉት፣ አጽሙ የሚጠቀለልበት ሰሌን ከሰፈር እስኪደርስ፣ ካህኑ ልብሳቸውን ለብሰው እስኪመጡ ጠበቁ፤ ጨለመ።

«ኦንያንግ፣ ተነሺ እንጂ፣ እህቴ» አለች ሴፓ።

«ተይኝ እስኪ» አለች ኦንያንግ። «ትንሽ ልቀመጥ።»