የበርሜሉ ተራ

ቢቸና መናኸሪያ ውስጥ የሞጣው ሚኒባስ እስኪሞላ ቆሜ ነበር። ለእናቴ የገዛሁት ነጠላ በፌስታል ተጠቅልሎ ብብቴ ሥር ነው። ሁለት ሰዎች ከግራና ከቀኝ መጡና አንደኛው በትሕትና፣ «ወንድም፣ ለአንድ ጥያቄ ነው፤ ትመለሳለህ» አለኝ። ጥያቄው አራት ወር ፈጀ።

ያስገቡኝ ከከተማው ዳር ያለ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። ማዳበሪያው ወጥቷል፤ ሽታው ግን ቀርቷል። በሩ ሲከፈት ዓይኔን አቃጠለኝ። ሰዎቹን ያየሁት እንባዬን ከጠረግሁ በኋላ ነው። ሠላሳ ያህል ወንዶች ሲሚንቶው ላይ ባዶ ጆንያ አንጥፈው ተቀምጠዋል። ከበሩ ጥግ ግማሹ የተቆረጠ በርሜል አለ። ለምን እንደሆነ ማንም አልነገረኝም፤ መጠየቅም አላስፈለገኝም።

«እንባው ለሁለት ቀን ነው» አሉኝ ከግድግዳው ሥር የተቀመጡ ሽማግሌ። «ከዚያ ዓይን ይለምዳል። ና፣ እዚህ ቦታ አለ።»

ቦታ አልነበረም። እግራቸውን አጥፈው ነው የሰጡኝ።

የገጠር ቄስ ናቸው፤ ቀድሰው ሲወጡ እርፍ የሚጨብጡ። የታሰሩት ስሙ እንዲጠራ ለማይፈለግ ሟች ፍትሐት አድርሰዋል ተብለው ነው። ሁላችንም «አባ» እንላቸዋለን። መርማሪው ለምን ፍትሐቱን እንዳደረሱ ሲጠይቃቸው፣ «ሞቶ ስላገኘሁት» ብለው መለሱለት አሉ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ አልጠራቸውም።

የእኔ ጥፋት ምሳ ላይ የተናገርሁት ነገር ነበር። በአንድ መሥሪያ ቤት የመሬት ቀያሽ ነበርሁ። መርማሪው ቃሌን ከወረቀት ሲያነብልኝ ሣቄን እንኳ አልዘለለም፤ የት ላይ እንደሣቅሁ ተጽፏል። በዚያ ገበታ ላይ የነበርነው ሁለት ሰዎች ነን። አንዱ እኔ ነኝ። ሌላው ሦስት ዓመት ሙሉ ከአንድ ትሪ አብሮኝ የበላ ባልደረባዬ ነው።

ይህን ለአባ አልነገርኋቸውም። ለማንም አልነገርሁም። ስተኛም ስነቃም ግን አብሮኝ ነበር።

አባ ስብከት አያበዙም። የሚያወሩት ስለ እርሻ ነው። አንድ ቀን ጠያቂ የሌለው ጎልማሳ፣ «እኛን እኮ ረስተውናል» ብሎ ሲተክዝ፣ አባ፣ «የምን አገር ሰው ነህ?» አሉት።

«የእነማይ።»

«እንግዲያ ጥቁሩን ዋልካ መሬት ታውቃለህ። ሽንብራ መቼ ነው የሚዘራ?»

«ዝናቡ ሲያበቃ።»

«ታዲያ ማን አጠጣው? ዝናቡ ከሄደ በኋላ መሬቱ ሆዱ ውስጥ ያስቀረለትን እየጠጣ አይደል የሚያፈራ? እግዜር ከሰማይ ብቻ የሚሰጥ አይምሰልህ። ያስቀመጠልህም አለ።»

ማታ ሰውየው ከሌሎቹ ጋር ቆሎ ሲቆረጥም አየሁት።

እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ከሞጣ ወጣ ብሎ ያለ አገር። የተማርሁት ግን ከእርሻ ለማምለጥ ነው። አባቴ ሲያርስ፣ ሲዘራ፣ ሲወቃ እያየሁ አደግሁ፤ አንድም ቀን ትምህርት ነው ብዬ አላየሁትም። እሱ ካረፈ ዓመታት አልፈዋል። በዚያ መጋዘን ውስጥ አባ ስለ አረምና ስለ አውድማ ሲያወሩ፣ ዓይኔን ከጨፈንሁ የአባቴ ድምፅ ይመስለኝ ነበር።

በርሜሉን በየጠዋቱ ሁለት ሁለት ሰው በተራ ያወጣዋል። በሽቦ ተንጠልጥሎ በባሕር ዛፍ አጣና ላይ ይሰቀልና፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ሆኖ ከመጋዘኑ ጀርባ ወዳለው ጉድጓድ ይወርዳል። አባን ማንም ተራ አላስገባቸውም ነበር። እሳቸው ግን እንቢ አሉ። መጀመሪያ አብሬያቸው የተሸከምሁ ዕለት ሽቦውን ሳብ አድርገው ወደ ራሳቸው ትከሻ አስጠጉት።

«አባ፣ ኧረ ወደ እኔ ይሁን፤ አንቱ ሽማግሌ ነዎት!»

«ወይፈን ሲገራ አላየህም?»

«አይቻለሁ።»

«ከማን ጋር ነው የሚጠመድ?»

«ካረጀ በሬ ጋር።»

«ሞፈሩንስ ወደ ማን አስጠግተህ ነው የምታስር?»

አሰብሁ። አባቴ ጠፍሩን ወደ ሽማግሌው በሬ ሲያስጠጋ ታየኝ። «ወደ አረጀው።»

«እህ! ጌታ ቀንበሬን ተሸከሙ ሲል እኮ ብቻችሁን አላለም። ቀንበር ሁለት አንገት ነው ያለው። ክብደቱ ወደ ማን እንደተጠጋ ወይፈኑ አያውቅም፤ መሄዱን ብቻ ነው የሚያውቅ። በል ተራመድ፣ እንዳይፈስብን።»

በኅዳር አንድ ቀን ከሰዓት በሩ ተከፈተና ባልደረባዬን አስገቡት።

ሸሚዙ ተቀድዷል። እንደማንኛችንም ዓይኑን እየጠረገ ቆመ። ለምን እንዳሰሩት ያን ጊዜ አላወቅሁም፤ ኋላ እንደሰማሁት፣ የተገለገሉበት ሰዎች መልሰው ጠርጥረውት ነው። ወሬ ግን ከሰው ይቀድማል፤ ምን ሲሠራ እንደነበረ ከግማሽ ሰዓት በኋላ መጋዘኑ ሁሉ አወቀ። ማንም እግሩን አላጠፈለትም። ሄዶ በርሜሉ አጠገብ ተቀመጠ።

እውነቱን ልናገር፤ ደስ አለኝ። ወሩን ሙሉ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

«ታውቀዋለህ?» አሉኝ አባ።

«አንድ ቢሮ ነበርን።»

አዩኝ። ሌላ አልጠየቁኝም።

በማግሥቱ የክፍሉ ተጠሪ፣ «ዛሬ አዲሱ ሰው ያውጣ» አለ። «ከእሱ ጋር ማን ነው?»

የሚነሣ ጠፋ። በሩ ላይ የቆመው ጠባቂ ሣቀና፣ «ብቻውን ይጎትታ!» አለ። ባልደረባዬ በርሜሉን በሁለት እጁ ይዞ ሊጎትት ሞከረ። ተንገጫገጨ፤ በአጠገቡ የተኙት እየተሳደቡ ጆንያቸውን ሰበሰቡ። በዚህ መካከል አባ ግድግዳውን ተደግፈው መነሣት ጀመሩ። ጉልበታቸው አብጦ ሳምንት ሆኖታል፤ ለጸሎት እንኳ ተቀምጠው ነው የሚቆዩ። ወደ እኔ አላዩም። ጥርሳቸውን ነክሰው ሲነሡ ብቻ አየሁ።

«አባ፣ ይቀመጡ» አልሁ። ተነሣሁና አጣናውን ያዝሁ።

ውጭው ይበርዳል። ሣሩ ላይ ጤዛ አለ። ከከተማው ባሻገር የጤፉ ማሳ ቢጫ ሆኖ እስከ ሩቅ ተዘርግቷል፤ የጮቄ ተራራ በደመና ተሸፍኗል። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ነን። ወደ ጉድጓዱ የሚወስደው መንገድ ቁልቁለት ስለሆነ ሽቦው ተንሸራትቶ ወደ እሱ ትከሻ ሄደ። ጎበጠ። አላማረረም። ለጥቂት እርምጃ እንደዚያው ተውሁት።

ከዚያ ቆምሁ። ሽቦውን ስቤ ወደ እኔ አስጠጋሁት።

«ተወው» አለኝ ሳይዞር። «ይገባኛል።»

«መንገዱ ያንሸራትታል» አልሁት። «እግርህን ተመልከት።»

እግሩን እያየ ወረደ። ጉድጓዱ ጋ ደርሰን ደፋን፤ በአመድ አጠብነው። ጠባቂው ሣቁን ትቶ ሌላ ቦታ ያይ ነበር። ስንመለስ ባልደረባዬ አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ። «አሁን አይደለም» አልሁት። ማዳመጥ አልቻልሁም። ከብዙ ቀን በኋላ ነገረኝ፤ ወደ ትውልድ አገሩ ዝውውር ቃል ገብተውለት ነበር። እናቱ እዚያ ታማበት ነበር። ይህን ያህል ነው።

ወደ ውስጥ ስንገባ አባ ጋቢያቸውን ሰብስበው ሦስተኛ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ አበጅተዋል።

ከተፈታሁ ወዲህ የምኖረው ሞጣ ነው። ባልደረባዬ በየፋሲካው ይደውላል። አነሣለሁ። እንኳን አደረሰህ እንባባላለን፤ ስለ እናቱ እጠይቀዋለሁ፤ ብዙም አናወራም። ሰው ቢሰማኝ ያፍርብኛል እንጂ፣ ያ መጋዘን አንዳንዴ ይናፍቀኛል። ሽታውን አይደለም። ለአንድ ሰው ቦታ ሲባል ሠላሳ ሰው እግሩን የሚያጥፍበትን ጊዜ ነው የምናፍቀው።

ባለፈው ሐምሌ አባን ልጠይቅ ሄድሁ። ከእኔ በኋላ ፈትተዋቸዋል። ማሳቸው ዳር አገኘኋቸው፤ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበዋል። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ሲከብደኝ የኖረውን ነገርኋቸው።

«አባ፣ ያን ቀን የተነሣሁት ይቅር ብዬው አልነበረም። አንቱ በዚያ ጉልበትዎ ሊነሡ ሲሉ አፍሬ ነው። ልቤ ውስጥ ጥላቻ ነበር።»

በእጃቸው ወደ ማሳው አመለከቱ።

«እኔስ ስዘራ ልቤ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው እንዴ? በድንበር ከጎረቤቴ ተጣልቼ፣ እየተራገምሁ የዘራሁበት ዓመት አለ። በቀለ። መሬቱ እጄን እንጂ ፊቴን አላየም። ፊቴን የፈታሁት ቡቃያውን ሳይ ነው።» ወደ ጫማዬ ተመለከቱ። «በል አውልቅ። ከብቶቹ ማሳውን ረግጠው ጨርሰዋል፤ ጭቃው ሳይደርቅ እንዝራው።»

ስንት ማሳ በሜትር የለካሁ ሰው፣ ማሳ ውስጥ በባዶ እግሬ ከቆምሁ ሃያ ዓመት አልፎኝ ነበር። ካልሲዬን ኪሴ ከትቼ ገባሁ። ጭቃው ይቀዘቅዛል። አባ ከቁናው ጤፍ ዘግነው ወደ እኔ ዘረጉ፤ ሁለት እጄን አጋጥሜ ተቀበልኋቸው።