አብራሪው በቁማቸው የተለቀሰላቸው ዕለት

የእድራችን ዕቃ ቤት ቁልፍ ያለው እኔ ዘንድ ነው። ድንኳኑም፣ አግዳሚ ወንበሩም፣ ብረት ድስቱም ያለ እኔ ንቅንቅ አይሉም። ስለዚህ የዚያን ዕለት ነገር ያልነበረበት ሰው አሳምሮ ሲያወራው እበሽቃለሁ።

ጎረቤቴ ጋሼ ጡረታ የወጡ የሄሊኮፕተር አብራሪ ናቸው። በድሮው ጦርነት፣ ሌላው በሚሸሽበት ቦታ እያረፉ ቁስለኛ ያነሱ እንደነበር ኮምቦልቻ በሙሉ ያውቃል። እሳቸው ግን ጀግንነታቸው ሲነሳ ፊታቸው ይጠቁራል። "የቀሩትስ?" ይላሉ። በመጨረሻው ምልልስ ሄሊኮፕተሩ ሲሞላ፣ መቆም የቻሉትን "ቆዩ፣ ተመልሼ እመጣለሁ" ብለው ትተዋቸው ሄዱ። መንገድ ላይ ተመቱና ሳይመለሱ ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ምስጋና አይዋጥላቸውም። አንዴ "የጫኗቸውስ ሰዎች አይደሉም እንዴ?" ብላቸው ሰነበቱ አኩርፈው።

የእድሩ ሊቀመንበር ደግሞ እምቢታ የማይገባቸው ሰው ናቸው። "ሰው ከሞተ በኋላ ቢመሰገን ምን ይሰማል? በቁማቸው እናክብራቸው" አሉ። ሐሳቡ ግሩም ነበር። ችግሩ፣ እድራችን ከመቅበር ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም። የሚሸለሙት የክብር ካባ ተገዛ። ጋሼም ነገሩን እንዳያውቁ በዋዜማው የታመመ ጠይቁልን ተብለው ቦሩ ሜዳ ተላኩ። የቀረው ሰው መጥራት ነበር። ሰው የሚጠራልን ማን ነው? ጥሩምባ ነፊው!

እሑድ ጠዋት ጥሩምባው ተነፋ። "እድርተኛ ሁሉ በአብራሪው ቤት ተሰብሰብ!" አለ ሰውየው። ዕድሜውን ሙሉ ሲለው የኖረው ይህንኑ ነው፤ ለደስታ መሆኑን ጨምር ያለው የለም። እኔ በበኩሌ በራቸው ላይ ድንኳን አስተክዬ ወንበር እደረድራለሁ።

ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረታቸውን እየደቁ መጡ። ከደሴ ዘመድ አዝማድ ወሬው ደርሶት በሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት እያለቀሰ ወረደ። ጋሼ ረስተውት የሄዱት ስልክ ቤት ውስጥ ሲጮህ የሚያነሳው መጥፋቱ ለለቅሶው ማረጋገጫ ሆነ። "ኧረ አልሞቱም!" ብዬ ብጮህ "ደንግጣ ነው፣ ውሃ ስጧት" አሉኝ። አንዷማ በግድ ፊቴን አጠበችኝ። ሊቀመንበሩ ካባውን ታቅፈው "በሕይወት አሉ" ቢሉ፣ "በልባችን አሉ እንጂ!" እያለ ሕዝቡ የባሰ አነባ።

ወሬውን ወደ ሐርቡ ከተማ የሚመላለሱ ሾፌሮች ይዘውት ሄደው ኖሮ፣ ረፋዱ ላይ የማናውቃቸው ሽማግሌ ከዘራቸውን ተመርኩዘው "ኢናሊላሂ" እያሉ ገቡ። ጥግ ላይ ተቀምጠው አንገታቸውን ደፉ።

ጋሼ ከቦሩ ሜዳ የተመለሱት ይኼኔ ነው። ድንኳን ሲያዩ ማንም ወግ አዋቂ የሚያደርገውን አደረጉ፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ገቡና ከሽማግሌው አጠገብ ቁጭ አሉ። ያያቸው ሁሉ ለቅሶውን አቋረጠ።

"ማን ነው ያረፈው?" አሉ ጋሼ በሹክሹክታ።

"አብራሪው ናቸው፤ የሄሊኮፕተሩ" አሉ ሽማግሌው ቀና ሳይሉ። "እዚህ አጠገቤ መኖራቸውን ስማቸው ለሞት ሲጠራ ሰማሁ።"

ጋሼ ዞር ዞር ብለው ድንኳኑን፣ በራቸውን፣ እኔን አዩ። "እኔ ነኝ እኮ" አሉ።

ሽማግሌው ቀና አሉ። አተኩረው አዩአቸው። "ወላሂ፣ እርስዎ ነዎት!" አሉ። ቀጥለውም፣ "እኔም ከቀሩት ነኝ" አሉ።

ጋሼ ሙሉ በሙሉ ወደ ሽማግሌው ዞሩ። ያን ጊዜ በሊቀመንበሩም በጥሩምባ ነፊውም የያዝኩት ንዴት የት እንደገባ አላውቅም።

"ተመልሼ እመጣለሁ ብያችሁ ነበር" አሉ ጋሼ።

"ብለውናል። ይመጣሉ እያልን ነው ሌሊቱን ዓይናችንን ሳንከድን ያደርነው። ተኝተን ቢሆን ብርዱ በጨረሰን። ሲነጋ እየተደጋገፍን ወጣን።"

"ሁላችሁም?"

"ሁላችንም፣ አልሐምዱሊላህ። ታዲያ እርስዎ ሲቀሩ ጊዜ፣ ይኸው እኔው መጣሁ። አብሽሩ!"

ጋሼ የሽማግሌው አንገት ላይ ተጠምጥመው እንደ ልጅ አለቀሱ። ሊያጽናና የመጣው እድርተኛ ሁሉ ያኔ ሥራ አገኘ።