ሳሎኔ ውስጥ የቆመው በርሜል

ባለቤቴ ቴክሳስ ያለችው ልጃችን ስትወልድ ልታርሳት ብላ የሄደችው ለስድስት ወር ነበር። ልጅቷ ሥራ ገባች፣ የሕፃን ማቆያው ዴይኬር ውድ ሆነ፣ ሁለተኛው ተረገዘ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለት ዓመት አለፈ፤ እኔ አሌክሳንድሪያ፣ ከሕንፃው ምድር ቤት ባለው አፓርትመንታችን ብቻዬን ቀረሁ። ታክሲ ነው የምነዳው። ቀኑን ሙሉ ከኋላዬ ሰው ይቀመጣል፤ የሚያወራው ግን ከስልኩ ጋር ነው። ቤት ስገባ ቴሌቪዥኑን እከፍትና ወደ ኩሽና እሄዳለሁ፤ ድምፅ እንዲኖር ብቻ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው ሴራሊዮናዊት ናት። አርባዎቹን የጀመረች፣ አዛውንቶች መጦሪያ ውስጥ አዳር የምትሠራ ሴት። ከሰላምታ ያለፈ ተነጋግረን አናውቅም ነበር። የሥራ ልብሷን እንኳ አላወለቀችም።

«ፓ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ መኪናዎ ሩዝ ይጭናል?» አለችኝ።

የምናወራው በእንግሊዝኛ ነው፤ እንግሊዝኛ ደግሞ አንቱ የለውም። እሷ ግን «ፓ»፣ አባባ እንደ ማለት፣ ስትል አንቱታው እዚያው ውስጥ ነበር። መጀመሪያ አስረጀችኝ ብዬ ቅር ብሎኝ ነበር፤ በኋላ ለመድኩት።

መንገድ ላይ ነገሩን አጫወተችኝ። እናቷ ባሉበት ከተማ ገበያ ሩዝ የሚሸጠው በኩባያ እየተሰፈረ ነው። ጠዋት የተጠራው ዋጋ ከሰዓት በኋላ አይገኝም። ዘይቱም ሽንኩርቱም እንደዚያው። ሩዝ ለእነሱ፣ እንጀራ ለእኛ እንደ ሆነው ነው፤ እናቷ ግን ቁርስ ላይ መብላቱን ካቆሙ ቆይተዋል።

«የምልከው ያው ነው፤ የሚገዛው ኩባያ ግን በየወሩ ይቀንሳል» አለች። «ስለዚህ ሩዙን ራሱን ልልክ ነው።»

ሲልቨር ስፕሪንግ ካለ አንድ የምዕራብ አፍሪካ ሱቅ አራት ከረጢት ሩዝና ደረቴ ድረስ የሚደርስ ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ጭነን በቤልትዌይ አውራ ጎዳና ተመለስን። በርሜሉ አንዴ ከሞላ ከሦስተኛ ፎቅ አይወርድም። ኮሪደር ላይ እንዲቆም ደግሞ የሕንፃው ኦፊስ አይፈቅድም። ደረጃው ሥር ቆማ ግራ ሲገባት፣ «የእኔ ሳሎን ባዶ ነው» አልኳት።

አምስት ሳምንት ቆመ። ከአዳር ስትመለስ ታንኳኳለች፤ አንድ ቀን ዘይት፣ አንድ ቀን ሰርዲን፣ ሌላ ቀን ሳሙና ይዛ። ክዳኑን ከፍታ ክፍተቱን እያየች ትጠቀጥቃለች፣ እኔ ሻይ አፈላለሁ። ስለ እናቷ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ቤታቸው ጣሪያ ታወራለች፤ አንዳንዴ ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ ወንበሯ ላይ ታንቀላፋለች። ሳይነጋ ኤርፖርት ተራ እይዝ የነበርኩት ሰው እሷ እስክትመጣ መቆየት ጀመርኩ። ትሪፕ ሲያመልጠኝ አልቆጨኝም። አንድ ቀን እኔም ምስር ገዝቼ ከጎን ሸጎጥኩበት።

በዚያ ሰሞን ባለቤቴ ቪዲዮ ኮል አደረገችልኝ።

«ከኋላህ ያለው ምንድን ነው?»

«በርሜል ነው።»

«የምን በርሜል?»

«የጎረቤት። ሩዝ ለእናቷ ልትልክ።»

«ሳሎኔ ውስጥ?» አለች።

ሳሎኔ ማለቷ ደስ አለኝ፤ ምነው ትንሽ በተቆጣች ብዬ ተመኘሁ። ግን ሕፃኑ አለቀሰና ስልኩ ተዘጋ።

በርሜሉን በመርከብ የሚልከው ድርጅት ጫኞች የመጡት ማክሰኞ ቀን ነው። ክዳኑን በፕላስተር ጠቀለሉ፣ የእናትየውን ስም በወፍራም እስክሪብቶ ጻፉበት፣ በጋሪ ገፍተው ወሰዱት። ከአሥር ደቂቃ በላይ አልፈጀም። እሷም አመስግናኝ ልትተኛ ወጣች። በማግስቱ ጠዋት ሻይ ለሁለት ሰው ጥጄ ኖሮ ግማሹን ደፋሁት።

ከሦስት ወር በኋላ ስልኳን ይዛ መጣች። በርሜሉ ደርሷል። ቪዲዮው ላይ ቀጭን አሮጊት ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ሩዝ በኩባያ ይሰፍራሉ፤ ፊታቸው ሳህንና ላስቲክ የያዙ ሴቶች ተሰልፈዋል። ምስሬን አንስተው ለካሜራው እያሳዩ የሆነ ነገር ጠየቁ፤ ሁሉም ሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም።

«ክረምቱን ያሻግራቸዋል ብዬ ነበር» አለች። «በአራት ቀን አለቀ።»

«ምን አሉሽ?»

«ተቆጣኋቸው። እሳቸውም፣ ‹የሚፈላው ሩዝ ሽታ ጎረቤት ሁሉ ገብቷል፤ ታዲያ በሬን ዘግቼ ብቻዬን ልብላ?› አሉኝ።»

እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ በሬን ዘግቼ ነው የበላሁት።

ሌላ በርሜል አልሞላችም። እዚህም የሩዙም የመርከቡም ዋጋ ጨመረባት። የጠዋት ሽፍት ደረበች፤ ከአንዱ ሥራ ወጥታ በቀጥታ ወደ ሌላው ትሄዳለች። ፖስታ ሳጥኑ ጋ አንዴ ተገናኝተን «ፓ፣ ደክሞኛል» ብቻ ብላኝ አለፈች።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ለአንድ ሰው የማይሆን ብዙ ሩዝ ቀቀልኩ፤ በካሮትና በጎመን አድርጌ። ድስቱን ይዤ ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። አንኳኳሁ፣ ቆየሁ፣ ደግሜ አንኳኳሁ። መልስ የለም። ድስቱን በፎጣ ጠቅልዬ በሯ ሥር አስቀመጥኩትና ወረድኩ።

በማግስቱ ከሥራ ስገባ ድስቱ ታጥቦ፣ ፎጣው ታጥፎ ከላዩ ላይ ተደርጎ በሬ ሥር አገኘሁት። አንኳኩታ ይሆን? አላውቅም፤ እኔ ኤርፖርት ተራ ይዤ ነበር።