ባለ አንድ ዲስክ፣ ባለ ሁለት ዲስክና የጋሽ አስማረ ምክር

ደብረ ታቦር ጋሽ አስማረ የሞተር ሳይክል ጋራዥ ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ ገና ቁልፍ እንኳ ሳያስይዙኝ «የፊቱን ፍሬን እንዳትነካ፤ ይደፋሃል» አሉኝ።

እኔን ብቻ አይደለም፤ ሞተር ገዝቶ የሚመጣውን ሁሉ እንዲሁ ይመክሩ ነበር። በጉብዝናቸው ጊዜ ጠጠር ላይ የፊቱን በድንገት ጨብጠው ተደፍተዋል። ከዚያ ወዲህ የሚያምኑት በእግር የሚረገጠውን የኋላውን ብቻ ነው። እጃቸው የተባረከ ባለሙያ ናቸውና ማን ይከራከራቸዋል? የስንቱ ነፍስ በዚያ ምክር ላይ እንደተንጠለጠለ ያወቅነው ዘግይተን ነው።

ደሳለኝ የሚባል፣ ጉና ተራራ እየወጣ ከብት የሚያክም ሐኪም ነበር። አንድ ቀን ከፊት ጎማው ሁለት ዲስክ፣ ማለት ፍሬኑ ነክሶ የሚያቆመው ክብ ብረት፣ ያለው ሞተር ይዞ መጣ። እኛ እስከዚያ የምናውቀው ባለ አንዱን ነው። የቱ ይሻላል ብሎ ቢጠይቅ፣ ጋሽ አስማረ «ለማትነካው ነገር ቁጥሩ ምን ያደርግልሃል?» አሉት። ሁላችንም ሳቅን።

ክረምት ላይ ከጉና ሲወርድ ፍሬን እምቢ አለውና ገደል ገባ። ነፍሱ ተረፈች፤ እግሩ ግን ክፉኛ ተሰበረ። ሞተሩን በጭነት መኪና አመጡልን። ስፈታው የኋላው ፍሬን ሸራ ነዶ አልቋል። የፊቶቹ ግን አሁን ከካርቶን የወጡ ይመስላሉ። ጋሽ አስማረ በአውራ ጣታቸው ዳሰሷቸው።

ሞተሩን ጠግነን እንደጨረስን ወደ ጋፋት ቁልቁለት ውሰደኝና የፊቱን ፍሬን ሞክርልኝ አሉ። በመጀመሪያ የጋራዡን ባለ አንድ ዲስክ ሞተር፣ ቀጥሎ የደሳለኝን ባለ ሁለቱን፣ የኋላውን እየረገጥኩ የፊቱን ቀስ በቀስ እየጨበጥኩ አቆምኩ። ባለ አንዱ ሙሉ እጅ ይፈልጋል። ባለ ሁለቱ በሁለት ጣት ይይዛል፤ ረጅም ቁልቁለት ላይም ቶሎ አይግልም። አንዱም አልደፋኝም።

«ልዩነታቸው ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው ጋሼ።»

ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው መሬት መሬቱን አዩ። አንጀቴን በሉት።

ሆስፒታል ልንጠይቀው ስንሄድ ደሳለኝ አልተቆጣም። ምነው በተቆጣ!

«ጋሼ፣ እጄ እኮ ሊጨብጠው ነበር» አላቸው። «የአንቱ ቃል ትዝ ሲለኝ ለቀቅሁት።»

ጋሽ አስማረ ከዚያ በኋላ ቁልፍ አልጨበጡም። በገበያ ቀን ሐሙሲት ከተማ እየወረዱ፣ ሞተር የያዘውን ሁሉ እያስቆሙ፣ ያኔ የመከርኩህን ተው ይሉ ነበር። ብዙው ሰው አርጅተዋል ብሎ እየሳቀ ያልፋቸዋል። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የሞተር ዋናው ፍሬን የፊቱ ነው። ዲስኩ አንድም ይሁን ሁለት፣ ከኋላው ጋር ቀስ አድርጎ መጨበጥን ሜዳ ላይ ያልተለማመደ ሰው ቁልቁለት ላይ አይማረውም።