ለዕርቅ የጸዳው ሽጉጥ

ወረታ፣ ጋራዥ ደጃፍ መኪናዬን ስጠብቅ የነጭ ጋዝ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ወዲያ ወዲህ ማለቴን ትቼ ቆምሁ።

ልጅ ሳለሁ መንደራችን ቁሐር ሚካኤል ከአያቴ ጋር ስድስት ጎራሽ ሽጉጣቸውን በነጭ ጋዝ ስናጸዳ፣ በአፈሙዙ ሽቦ ልሰድ ስል እጄን ያዙኝ።

«ሽቦ ውስጡን ይቧጭረዋል ልጄ። ጨርቁን በክር እሰሪና ቀስ አድርገሽ ሳቢው።»

ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ሳብሁ።

«የት ሊሄዱ ነው?» አልኋቸው።

«ይፋግ፤ ከደመኞቻችን ልንታረቅ። መሣሪያ ሽማግሌ ፊት ይቀመጣል፤ ዝጎ ቢያዩት ይንቁናል።»

ይህን ብለው ጥይቶቹን ከመሬት እያነሡ ያጎርሱ ጀመር። ለዕርቅ ጥይት ምን ያደርጋል ብዬ አልጠየቅሁም፤ አንዷን በቀኝ እግሬ ረገጥኋት። አምስት አጎረሱ፣ ስድስተኛዋን ፈለጉ፣ እግሬን አዩ፤ ሽጉጡን ታጥቀው ወጡ።

በሰላም ተመለሱ። የጥይቷን ነገር ግን እስኪሞቱ አላነሡብኝም።

«አልቋል እትዬ፣ ፈቀቅ ይበሉልኝ» አለኝ መካኒኩ። ቀኝ እግሬ አልነሣም አለ።