የሬዲዮዋ ነገረኛ ሚስት

ወደ ኤርፖርት የሚወስደው ባቡር ሥራ በጀመረበት ዓመት፣ በስደት በምኖርባት በኦሮራ ከተማ ውስጥ በሳምንት አንድ ሰዓት የአማርኛ ሬዲዮ ፕሮግራም እሠራ ነበር። በሌላው ቀን እንጀራዬ መሃል ከተማ፣ ዳውንታውን፣ የመኪና ማቆሚያ ትኬት መቁረጥ ነው። ሥራው ተጠራጣሪ አድርጎኛል፤ ትኬት ጠፋብኝ የሚለኝን ሁሉ አላምንም። ደግሞ በዚህ ከተማ አገር ቤት ተራ ሰው የነበረ አላጋጠመኝም። ሁሉም ወይ ኮሎኔል ነበር፣ ወይ የሚኒስትር ቀኝ እጅ።

ስለዚህ አንዲት አዛውንት ከሞንትቤሎ ሰፈር በልጅ ልጃቸው መኪና መጥተው፣ "በንጉሡ ጊዜ የሬዲዮ ጭውውት ላይ ያቺ ነገረኛ ሚስት እኔ ነበርኩ" ሲሉኝ አላመንኩም። ያቺን ሚስት ከልጅነቴ ጀምሮ አሳምሬ አውቃታለሁ። ባሏን ስታብጠለጥል፣ መሃል ላይ ዘፈን ስታስገባ፣ ኮስታራው አባቴ እንባው እስኪወርድ ይስቅ ነበር።

"ቅጂ አለዎት?" አልኳቸው።

"የምን ቅጂ? ቀጥታ ነበር የምንሠራው። አየር ላይ ወጣ፣ አለቀ።"

"እስቲ ትንሽ ይዝፈኑልኝ።"

"ጌታን ከተቀበልኩ ወዲህ አልዘፍንም።"

ጥሩ ማምለጫ! አልኩ በሆዴ። ነርስ የሆነችው የልጅ ልጃቸው ከስልኳ ቀና ሳትል፣ እንደማታምን በሚያስታውቅ ድምፅ "ኦኬ፣ ግራንድማ" አለች። አዛውንቷ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ "ዝና አልፈለግኩም። እሷ በሬዲዮ ብትሰማኝ ታምነኛለች። ውሸታም አያት ሆኜ መሞት አልፈልግም" አሉኝ። አንጀቴን በሉት። ቢሆንም እናስብበታለን ብዬ ሸኘኋቸው።

በሦስተኛው ቀን ሥራ ላይ እያለሁ ስልኬ ጠራ። አንድ ድምፃቸው የሻከረ ሽማግሌ፣ በፕሮግራምህ ቤተ ክርስቲያናችንን ሰድበሃል ብለው የስድብ መዓት ያወርዱብኝ ጀመር። ምን እንዳልኩ ባላውቅም፣ "አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" እያልኩ ከወንበሬ ተነሳሁ። ድንገት አንዲት ሴት ጣልቃ ገባች።

"አንተ ሽማግሌ! ምን ታንባርቅበታለህ? ልጁ ተጠራጣሪ ነው እንጂ ክፉ አይደለም!"

እሷ ናት! አባቴን ታስቅ የነበረችው። የሽማግሌውንም ድምፅ ያወጡት እኚያው አዛውንት ነበሩ። አፈርኩ፣ ሳቅኩ፣ እንባዬም መጣ። "እማማ፣ እሁድ ለፕሮግራሙ ይምጡልኝ" ብዬ ለመንኩ።

"እመጣለሁ። ዘፈን ግን የለም" አሉ።

ዓርብ ዕለት ስትሮክ መታቸው። ነፍሳቸው ተረፈች፤ አንደበታቸው ተዘጋ። ልጠይቃቸው ሄጄ፣ አልጋቸው አጠገብ ለልጅ ልጃቸው ሁሉንም ነገርኳት፤ ሽማግሌውን፣ ሚስቲቱን፣ እንባዬን። አዛውንቷ ዓይናቸውን ከእሷ ፊት አልነቀሉም።

"ሪከርድ አድርገኸዋል?" አለችኝ።

"ቀጥታ ነበር" አልኳት።

"ኦኬ" አለች።