ለትልቅ ሰው የተጻፈው መጽሐፍ

ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ነበር። ቀኑን ሙሉ የሰው ስህተት ሲለቅም ይውልና ሲመሽ ዓይኑን እያሸ ቤቱ ይገባል። ደራሲ እሆናለሁ ብሎ አስቦ አያውቅም፤ ደራሲ ያደረገው የሴት ልጁ እግር መሰበር ነው።

ልጅቷ ገና ትምህርት ቤት ሳትገባ ከደረጃ ወደቀችና እግሯ በጄሶ ታስሮ አልጋ ላይ ዋለች። እናቷ ነርስ ስለሆነች ተረኛ በሆነች ቁጥር የማጫወቱ ሥራ የእሱ ነው። የሚያውቀው ተረት ቶሎ አለቀበት። ቢጨንቀው ቤቷን ተሸክማ መዞር የሰለቻት፣ እንደ ሰው ቤት ልከራይ ብላ መንደር ለመንደር የምትንከራተት አንዲት ኤሊ ፈጠረ። ልጅቷ በሳቅ ፍርስ እያለች፣ "አባዬ ተው፣ እግሬን አመመኝ!" ትላለች። ያልጣማት ቦታ ሲደርስ ደግሞ ማዛጋት ነው። እሱም የሳቀችበትን እያቆየ፣ ያዛጋችበትን እየሰረዘ ጻፈው።

መጽሐፉ ወጥቶ ሳይውል ሳያድር አለቀ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ተከተሉ። የሰፈር ልጆች ባዩት ቁጥር "አባባ ኤሊ! አባባ ኤሊ!" እያሉ ይከተሉት ጀመር። ሌላ ሰው ቢሆን ደረቱን ይነፋ ነበር። እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ፣ ለኤሊ በማይሆን ፍጥነት ሹልክ ይላል።

አንድ ቀን ጸሐፊዎች በተሰበሰቡበት፣ ጋዜጣ ላይ ሒስ የሚጽፍ ወዳጁ ትከሻውን መታ መታ አደረገና፣ "ለመሆኑ ለትልቅ ሰው የምትጽፈው መቼ ነው? ወይስ አንተም እንደ ኤሊህ መንገድ ላይ ልትቀር ነው?" አለው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱም አብሮ ሳቀ፤ ነገሩ ግን ጉሮሮው ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰክቶ ቀረ።

በዚያው ሰሞን ትልቅ ልብ ወለድ ጀመረ። ትንሿን ጓዳ አስለቅቆ ጠረጴዛ አስገባና በሩን ቆለፈ። ልጅቷ እግሯ ድኖ ትሮጣለች። ማታ ማታ በሩን ታንኳኳለች።

"አባዬ፣ ኤሊዋ ቤት አገኘች?"

"ሥራ ላይ ነኝ የኔ ቆንጆ። ነገ።"

ነገ ሌላ ነገ ወለደ። መጀመሪያ ማንኳኳቱን ተወችና በር ላይ ቁጭ ብላ መጠበቅ ያዘች። ኋላ እሱንም ተወችው። እሱ ሻይ ሊቀዳ ብቅ ባለበት በአንዱ ቀን፣ እናቷን በቁመት የደረሰች ልጅ ሳሎን ተቀምጣ ሒሳብ ትሠራለች።

"አንቺ! መቼ እንዲህ አደግሽ?" አላት ሊያሳቃት።

"አንተ ስትጽፍ" አለችው፤ ከደብተሯ ቀና እንኳ አላለች።

ልብ ወለዱ በስንት መከራ ወጣ። ወዳጁ ሐያሲ ምረቃው ላይ ተገኝቶ መጽሐፉን አገላበጠና፣ "ወረቀቱ ግሩም ነው" ብሎ ሄደ። ከዚያ ወዲያ አንድ መስመር አልጻፈለትም። መጽሐፍ ሻጩ ደግሞ የደራሲውን ስም ብቻ አይቶ ከልጆች መደርደሪያ ላይ ኮለኮለው። እናቶች መጽሐፉን እየመለሱ፣ "ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ ሰው ሞቶ ልጄ ስታለቅስ አደረች!" ብለው ጮኹበት።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለው ሻጩ፣ "እኔ እኮ ኤሊዋ የመጣች መስሎኝ ነው።"

ከረፈደ ወደ ልጆች መጽሐፍ ተመለሰ። እጁ ግን ከብዶታል። የጻፈውን ይዞ ቤተ መጻሕፍት ሄደና ለተሰበሰቡ ሕፃናት አነበበ። ትንሽ እንደቆየ ልጆቹ የጫማቸውን ክር መፍታትና ማሰር ጀመሩ። ፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። "አባባ፣ ይሄ ተረት ነው ምክር?"

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

በዚያ ሰንበት ሴት ልጁ ቤት ሄደ። የጥርስ ሐኪም ሆና፣ ራሷን ችላ ትኖራለች። ሻይ አቀረበችለት፣ ስልኳን አጠፋችለት፣ ያንኑ ወረቀት ሲያነብላት እስከ መጨረሻው አዳመጠችው። ሲጨርስ፣ "ጥሩ ነው አባዬ" አለችው። ድምፅዋ በሽተኛን 'አይዞህ፣ አያምም' የምትልበት ድምፅ ነው።

"እውነቱን ንገሪኝ።"

"ድሮ ልጅ ምን እንደሚሰለቸው ታውቅ ነበር። አሁን የምትፈራው ሐያሲውን ነው።"

"ያኔ ዘው ብለሽ እየገባሽ ብትረብሺኝ ኖሮ..." አላት።

"ቁልፉ በአንተ በኩል ነበር እኮ" አለችው። አልተቆጣችም። የቀዘቀዘውን ሻይ አንስታ ሌላ ቀዳችለት። ብትቆጣ ይሻለው ነበር።

ጡረታ ከወጣ በኋላ ለወጣቶች አንዲት ቀጭን ልብ ወለድ አሳተመ። ማንም አላመሰገናት፣ ማንም አልነቀፋት። አንድ ቀን ልጁ ከሥራ ቦታዋ ደወለችለት።

"መጽሐፍህ ውስጥ ያ በሩ ላይ ቆሞ ከራሱ ውሻ ጋር የሚጨቃጨቀው ጎረቤት አሳቀኝ" አለችው።

እስከ የት እንዳነበበች፣ ሌላው እንዴት እንደሆነላት ሊጠይቃት አፉን ከፈተና ፈራ።

"ምሳ በላሽ?" አላት።